በረዶ የሚሠራው እሳት

ስሜ ትሁት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ጠባዬን ሳያዩ ቸኩለው ነው። ከደብረ ታቦር በጤና ባለሙያነት ተመድቤ ከጽጽቃ ቁልቁል ወዳለው ጤና ኬላ ከመጣሁ ወዲህ ያልተቆጣሁት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ያን ቀን ግን የተቆጣሁት በማቀዝቀዣ ላይ ነበር።

ማቀዝቀዣው በጋዝ ነው የሚሠራው። የሶላሩ ባትሪ ከሞተ በኋላ ከሰቆጣ በመኪና፣ መንገዱ ካለቀበት ወዲህ ደግሞ በሰው ትከሻ አመጡልን። ከጀርባው ግርጌ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነበልባል ትነድዳለች፤ ከውስጡ በረዶ ይጋገራል። ምክንያቱን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ሙቀቱ ቧንቧው ውስጥ የታሸገውን ፈሳሽ ያተነዋል፣ ፈሳሹም ዞሮ ሲመለስ ቅዝቃዜ ያመጣል። ማወቄ ግን መደነቄን አላስቀረልኝም። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ እሳቷን አያለሁ፤ ቀና ብዬ ደግሞ በረዶውን እዳስሳለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚደረስ ዛሬም ድረስ ይገርመኛል።

ከእኔ የባሱት እማማ ለተሥላሴ ናቸው። የጤና ኬላው ጎረቤት ናቸው፤ አማርኛ ያወራሉ፣ ሲደነቁ ግን ወደ ኽምጣኛቸው ይመለሳሉ። በወጣትነታቸው ሁለት ልጆቻቸውን ኩፍኝ ወስዶባቸዋል። ክትባቱ ሙቀት ካገኘው እንደሚበላሽ፣ ከሙቀት የሚጠብቀውም ይኸው እሳት እንደሆነ ከነገርኋቸው ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማቀዝቀዣውን ሳይሳለሙ አያልፉም። ያን ቀን ማለዳ ደግሞ ራሳቸው ከፈተሉት ጥጥ የተሠራ ነጭ መጋረጃ አምጥተው ከአናቱ እስከ ወገቡ አለበሱት።

«የከበረ ነገር ተገልጦ አይቀመጥም፤ ታቦቱስ መጋረጃ የለውም?» አሉኝ።

እንደ ሙሽራ ለብሶ ሳየው ሳቅሁ። ደግሞም አምሮበት ነበር።

ቀኑ የክትባቱ ዋዜማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ጠፋ። የኩፍኙ ክትባት በዚያው ጠዋት ከሰቆጣ ደርሶልን ነበር፤ የመጣበት ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ግን መቅለጥ ጀምሯል። ማቀዝቀዣው እስከ ማታ ካልተነሣ ክትባቱ ይበላሻል። ሌላ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ፤ ኩፍኝ ደግሞ ከማዶው ቀበሌ ገብቷል። በማግስቱ ከሚከተቡት አንዱ ዘጠኝ ወር የሞላው የእማማ ለተሥላሴ የልጅ ልጅ ነው። እማማ ወሬውን እንደሰሙ መጥተው በሩ ሥር ተቀመጡ።

«ጋዙ አልቆ ነው» አለ ጥበቃችን ወንዳወቅ። ሲሊንደሩን ብድግ ባደርገው ከባድ ነው። መስኮቱን ከፍተን ቱቦውን በሳሙና አረፋ ቀባነው፤ የትም አያፈስስም። እሳት እንዳይነካው መጋረጃውን ወደ ላይ ገልጠን ተንበረከክንና ማንደጃውን ፈታሁት፤ ጥቀርሻውን በብሩሽ ጠረግሁ። ቁልፉን ተጭኜ ክብሪት ስጭር ቦግ አለች። እማማ እልል አሉ፤ መጋረጃውንም ቀስ ብለው እንደነበረ መለሱት።

ደስታችን ሳይበርድ እሳቷ ቢጫ ሆነች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች።

እንደገና ገለጥን፣ ፈታን፣ ጠረግን። እንደገና በራች። እንደገና ጠፋች። ሳጥኑን ስነቀንቀው ውሃው ውስጡ ይንቦጫረቃል።

«ቡዳ በልቷት ይሆናል» አለ ወንዳወቅ።

«አንተን ይብላህ!» አልሁት። ማቀዝቀዣውንም በእግሬ ልለው ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ እማማን አይቼ ተውሁት። በልቤ ፈርቼ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንበረከክ ያረረ ጨርቅ ሸተተኝ። ተነሣሁና መጋረጃውን ከጀርባ በኩል ገለበጥሁት። ነጩ ጥጥ ላይ ስኒ የሚያህል ጥቁር ክብ ታትሟል። የጭስ መውጫው አፍ ያለው ከላይ ከጀርባ ነው፤ እኛ እታች ተንበርክከን ስንፈታ ወደዚያ ቀና ያለ የለም። ስንሠራ መጋረጃው ይገለጣል፣ እሳቷም ትነድዳለች፤ ስናለብሳት ጭሱ መውጫ ያጣል፣ እሷም ትታፈናለች።

ዞር ስል እማማ ለተሥላሴ ክቡን እያዩት ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ። «አከበርሁ ብዬ አፈንሁት?»

«እማማ፣ ማናችንም አላወቅንም።»

«እሳትም እንደ ሰው ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል።»

በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ከዚያ ተነሥተው መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ገፈፉት። ቁልፉን እንዲጫኑ ነገርኋቸው፤ እኔ ክብሪቱን ጫርሁ። ነበልባሏ ስትበራ አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሡ ቆዩ።

«አሁን ይልቀቁት።»

«ብትጠፋስ?»

«ከሞቀች የጋዙን በር ራሷ ከፍታ ትይዛለች። ከጠፋች ደግሞ በሩ ይዘጋል።»

ለቀቁት። እሳቷ ቆመች፤ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለች። ሦስታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን አየናት። ወንዳወቅ ቆቡን አውልቆ ነበር፤ ልስቅበት ፈልጌ አልቻልሁም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማቀዝቀዣው ውስጥ እጄን ብከት ቀዝቃዛ ነው። ክትባቱን ከሳጥኑ አውጥቼ አስገባሁት፤ እንባዬም መጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የልጅ ልጃቸው ተከተበ፤ ቤቱን በጩኸት አናጋው። እማማ ከበረዶው ቅንጣት ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ እስኪቀልጥ ድረስ አዩትና በውሃው የልጁን ግንባር አበሱ። ሌላ ቀን ቢሆን «ይሄ ጸበል አይደለም» ብዬ እቆጣ ነበር።

መጋረጃውን አጥቤ ልመልስ ብላቸው እምቢ አሉኝ። በእሱው ልጁን አዘሉት፤ ጥቁሯ ክብ ከጀርባው ላይ አረፈች። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና፣ የሰው ዓይንም አይጠፋምና፣ የሀገሩ ሰው እንደሚያደርገው ጫፉን ስቤ ፊቱን ላለብሰው እጄን ሰደድሁ።

እማማ እጄን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ፤ «ይተንፍስበት።»