መስተዋቱ እስኪቀመጥ

«እነዚህ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፣ እማማ» አለች ፋርማሲስቷ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ወደ መደርደሪያው የሰደደችው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከባንኮኒው ማዶ የቆሙት አሮጊት ነገሩ አልገባቸውም። የልባቸው ደም ስር ጠቦ ተገኝቶ ቀጭን የሽቦ ቱቦ ገብቶላቸዋል፤ ቱቦው ላይ ደም እንዳይረጋ የታዘዘላቸውን ክኒን ሊወስዱ መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን ያችን የለመዷትን የቃር መድኃኒት ጣል እንድታደርግላቸው ጠየቁ። እሷም ከተማሪነቷ ጀምሮ አሳምራ የምታውቀውን ነገረቻቸው። ይህኛው የቃር እንክብል፣ ያኛው ክኒን ጉበት ውስጥ ተለውጦ ኃይል እንዳያገኝ ያዳክመዋል። ክኒኑ ተውጦም እንዳልተዋጠ ሊሆን ይችላል። የማይጋጭ ሌላ ዓይነት ስላለ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

አሮጊቷ ሳቁ። «ቃር ደግሞ ምን በሽታ ነው ብለሽ ነው፣ ልጄ? እኔ ይህችን መድኃኒትም አልላት።»

ይህን ጊዜ ነው የወላጆቿ ማዕድ ቤት ፊቷ ላይ ድቅን ያለው።

እነሱ ቤት የቃር እንክብል መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። ከስኳሩና ከጨው ዕቃ መሐል፣ ክዳኑ ከጠፋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። አባቷ እራት በበላ ቁጥር እጁን ሰደድ አድርጎ አንድ ያነሣል፤ ለእናቷ አንድ ያቀብላል፤ እንግዳ ካለም «ውሰድ እንጂ፣ ሆድህን ያሳርፈዋል» እያለ ይጋብዛል። ዕቃውን የምትሞላው ደግሞ እሷ ናት። ሥራ በያዘች ሰሞን ለአባቷ ያመጣችለት የመጀመሪያ ስጦታ ያ ነበር፤ አባቷም ላገኘው ሰው ሁሉ ልጁ ከሆዱ ጋር እንዳስታረቀችው ሲያወራ ከረመ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ለዓመታት ሲወሰዱ ልብንና አንጎልን ለአደጋ ሊያጋልጡ ይችላሉ የሚሉ ጥናቶች አንብባለች፤ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም የሚሉም እንዲሁ። ለሁለቱም ወገን ራሷን ነቅንቃ፣ ያንን ዕቃ መሙላቷን ቀጥላለች።

አባቷ ያው ቱቦ ገብቶለት፣ ያው ክኒን ታዝዞለት ከሆስፒታል በወጣበት ቀን፣ ሐኪሙ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቆ ነበር። አባቷ የለም አለ። እናቷም የለም አለች። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ፣ ባለሙያ ባለሙያን በሚያነጋግርበት ድምፅ ደግሞ ጠየቀ። የመድኃኒቶችን ጠብ እንደ ጎረቤት ጠብ አብጠርጥራ የምታውቀው ልጅ ዓይኗን ሳታሽ «ምንም የለም» አለች። አልዋሸችም። ያ ከስኳሩ አጠገብ ያለው ዕቃ በሐሳቧ ሽው እንኳ አላለም።

የአባቷን ስልክ ደወለች፤ አይነሣም። እናቷ ግን ወዲያው አነሣች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሰላም ነበር። አባትሽ ቤት ውሎ ያውቃል እንዴ፣ መስተዋት መቁረጥ እንጂ መሸከም የለም ብሎ ቃል ገብቶልኝ ሱቅ ሄዷል፣ አለቻት። ጠዋት ቃሩ ተነሥቶበት ነበር።

«ሁለት ደርቦ ዋጠና ወጣ» አለች እናቷ። «ቀኝ እጄም ደንዝዟል ሲል፣ ተኝተህበት ይሆናል አልኩት።»

የረጋ ደም አንጎልን ሲዘጋ እጅ እንደሚደነዝዝ የምታውቀው ፋርማሲስት አምቡላንስ ጠርታ ሱቁ ያለበትን ነገረች። አሮጊቷን ለሥራ ባልደረባዋ ትታ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። የአባቷ የመስተዋት ሱቅ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ነው። ትራፊክ መብራቱ አላሳልፍ አላት። መኪኖቹ መሐል ለመሐል ስትገባ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ ዶክተሯ ራሷ ልትታከም ነው የምትሮጠው ወይ ብሎ ቀለደባት። አልሰማችውም።

ስለት ስለማይጠፋበት፣ ሱቁ ውስጥ ማንም ለመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባውን አይሰጥም፤ እሷም እንደገባች ዓይኗ እዚያው ላይ ወደቀ። አባቷን የሠፈሩ ግንበኞች «ውኃ ልክ» ይሉታል፤ መስመሩ ስለማይዛነፍ ነው። በጠረጴዛው ላይ ባለው የመስተዋት ቁራጭ ግን የመቁረጫው አልማዝ ጭረት እስከ ግማሽ ድረስ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ከዚያ መንገዱ እንደጠፋበት ጉንዳን ወዲያና ወዲህ ብሎ ቀርቷል። ስልኩ ከጭረቱ አጠገብ ተደፍቷል።

ቀና ስትል አየቻቸው። አባቷና ታናሽ ወንድሟ አንድ ትልቅ የሱቅ መስኮት መስተዋት ግራና ቀኝ ይዘው፣ ከጓዳው መስተዋት ወደሚቆምበት መደገፊያ እየመጡ ነበር።

እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። መስተዋት የተሸከመ ሰው አይጠራም። የተጠራ ሰው አንገቱን ያዞራል፤ አንገት ትከሻን ያስከትላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የወንድሟ ክንድ ላይ ያለው ረጅም ጠባሳ ይናገራል። ልጅ ሳለች የፈተና ውጤቷን ይዛ እየበረረች መጥታ፣ እዚሁ ደፍ ላይ ደስታዋን በጥርሷ ነክሳ ቆማ ነበር። አባቷ መስተዋቱን አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ከዚያ ነበር «በይ አሁን ተናገሪ» ያላት።

አሁንም ቆመች። ወንድሟ አይቷት፣ በቅንድቡ ዝም በይ አላት፤ ለነገሩ ጋውኗን አይቶ ሊቀልድባትም ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። የአባቷ ፊት ከመስተዋቱ ጀርባ ነው። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ መደገፊያው ጥቂት ነው የቀራቸው። ጥቂት ብቻ። ይድረሱ፣ አለች በልቧ፤ ይድረሱና ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ ያንን የእንክብል ዕቃ ራሴ እደፋዋለሁ፤ ሐኪሙ ፊት ቆሜ እኔ ነኝ እላለሁ።

የመስተዋቱ የላይኛው ጠርዝ ወደ አባቷ በኩል ዘንበል አለ። በጣም በጥቂቱ። ሌላ ሰው አያየውም ነበር፤ እሷ ግን የውኃ ልክ ልጅ ናት።

ወንድሟም ታወቀው፤ ፈገግታው ጠፍቶ በሁለት ክንዱ ክብደቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከሩቅ፣ ከመብራቱ ወዲያ፣ የአምቡላንሱ ድምፅ መኪኖች መሐል ተይዞ ይጮኻል።

«አባዬ» አለች።

አባቷ በመስተዋቱ ውስጥ አሻግሮ እያየ ወደ እሷ ዞረ። ስላያት ደስ እንዳለው ያስታውቃል። ፈገግ ሊልላት ሞከረ፤ ከፊቱ የተከተለው ግን ግማሹ ብቻ ነበር።