የጸሎት ስም

ሜራቭ በብልጠቷ የኮራችው ለሦስት ቀን ብቻ ነው።

ሥራዋ፣ በሜልበርን የአይሁድ ማኅበረሰብ ምክር ቤት ተቀምጣ ለካንቤራው ፓርላማ የሚላክ አስተያየት መጻፍ ነው። አዲስ ረቂቅ ሕግ በመጣ ቁጥር አንቀጽ በአንቀጽ ታበጥረዋለች፤ ይህ ይጨመር፣ ያ ይውጣ ትላለች። ጽሑፏን እስከ ዛሬ ወድዳ ያነበበችላት እናቷ ሪቭካ ብቻ ናት፤ እሷም ከሁለተኛው ገጽ አታልፍም። የዘንድሮው ግን ሌላ ነበር። ሰውን በሃይማኖቱ ምክንያት ማስፈራራት፣ እጅ ባይነሳበትም፣ ወንጀል ይሁን የሚል ረቂቅ ነው። ኮሚቴው ክርክር ጠግቧል፤ የፈለገው በሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። በሰው ላይ የደረሰውን ደግሞ የምታውቀው ከወይዘሮ ጊታ ሮይትማን ነበር።

ወይዘሮ ጊታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኮልፊልድ ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ከአትክልት ቤት ሲመለሱ አንድ ሰው ሁለት መንገድ ሙሉ ከኋላ ከኋላቸው እየሄደ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ዘረዘረላቸው። የካሮት ዋጋ የሚነግረኝ ነው የሚመስለው ብለዋል። ፖሊሶቹ በትሕትና አዳመጧቸውና፣ ስላልነካዎት የምንከስበት አንቀጽ የለንም አሏቸው። ይህን ሁሉ ለሜራቭ ያጫወቷት ስማቸው እንዳይወጣ ቃል አስገብተው ነው። ሰውዬው መልኬን እንጂ ስሜንና ቤቴን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈልግም አሏት።

የምክር ቤቱ ኃላፊ ሃሮልድ ግን፣ ስም የሌለውን ሰው ማን ያምነዋል ብሎ አስቸገረ። ብልጠቱ የመጣላት ያኔ ነው። አይሁዳዊ ሲታመም በምኩራብ የሚጸለይለት በመታወቂያ ስሙ አይደለም፤ በጸሎት ስሙ ነው፣ ያውም ከእናቱ ስም ጋር። ስለዚህ «ጊትል ባት ሂንዳ» ብላ ጻፈች፤ ጊትል የሂንዳ ልጅ ማለት ነው። ይህ ስም መታወቂያ ላይ የለም፣ ስልክ ማውጫ ላይ የለም። ሃሮልድ ሳቀ፤ በዚህ ስም የሚፈልጋቸው መልአክ ብቻ ነው አላት። እሷም አብራው ሳቀች። የሴትዮዋን የጸሎት ስም ራሷ ከየት እንደሰማችው ግን ለአፍታ እንኳ አላሰበችም።

አስተያየቱ ሰኞ በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ሜራቭ፣ ጋዜጦች አንስተውት ይሆን ብላ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ጻፈችና ፈለገች። በመጀመሪያ የመጣላት ጋዜጣ አልነበረም። የራሷ ምኩራብ በድረ ገጹ የሚያወጣው ሳምንታዊ ወረቀት ነበር።

«ማክሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚያደርጉት ለጊትል ባት ሂንዳ እንጸልይ። ሾርባ ለምታደርሱ፦ ወ/ሮ ጊታ ሮይትማን፣ ማርዮን ጎዳና ቁጥር 9። ደወሉ አይሠራም፣ በሩን አንኳኩ።»

ወረቀቱ እኮ ለእሷም በየሳምንቱ ይላክላታል! ሌላ ሰው ቢሆን «አንዲት ሴት» ብሎ ያልፍ ነበር። ሴትዮዋን ከነሾርባቸው አደባባይ ለማውጣት ምኩራብ የማይቀር ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ለወይዘሮ ጊታ ስልክ ደወለች፤ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ወረቀቱን ስታሳየው ሃሮልድ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቢሆንም የአስተያየቱ ገጽ ከፓርላማው ድረ ገጽ ከተነሳ ረቂቁ ላይ የምንለው ነገር አይኖረንም፣ ምናልባት ማንም አላየው ይሆናል አላት። እሷ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በትራም ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ያነባል፤ ምን እያነበበ ነው እያለች እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችበትም። ሆስፒታሉ ጋ አበባ ይዞ ወረደ።

የወይዘሮ ጊታን በር አንኳኳች። ደግማ ልታንኳኳ ስትል፣ ከውስጥ ለሚሰማ ሰው ይህ ድምፅ ምን እንደሚመስል ገባትና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ወይዘሮ ጊታ፣ እኔ ነኝ፣ ሜራቭ።»

«የማን ልጅ?» አሉ ከበሩ ኋላ።

«የሪቭካ።»

በሩ ከነሰንሰለቱ ትንሽ ተከፈተ፤ አንድ ዓይን አያትና ሰንሰለቱ ወረደ። ውስጡ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዕቃ ሾርባ ክዳኑ ሳይነሳ ተቀምጧል። ማን እንዳመጣው ስላላየሁ አልቀመስኩትም አሏት። ከሾርባው አጠገብ የተቀደደ ፖስታ ነበር፤ በላዩ «ለጊትል ባት ሂንዳ» ይላል። ሜራቭ ተቀመጪ ሳይሏት ተቀመጠች።

«ትናንት መጣ» አሉ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ በእሷ ስም ጠርቶ የጻፈልኝ ሰው የለም። አንድ የተረፈ ዘመድ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩት፣ ልጄ።»

ውስጡ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ደወሉ እንደማይሠራ አውቃለሁ።

«ለፖሊስ አልደወሉም?»

«ደወልኩ። ደወል አይሠራም ማለት ወንጀል አይደለም አሉኝ።»

ሜራቭ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬውኑ ገጹን አስነሳዋለሁ አለች። ወይዘሮ ጊታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዪው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንዲያውም ሕጉ ይውጣ፣ ለሌላዋ ይድረስላት። ከጸሎቱ ዝርዝር ግን አውጪኝ።»

«ማክሰኞ እኮ ልብዎን ሊከፍቱት ነው።»

«እግዚአብሔር ቤቴን ያውቀዋል። የቸገረኝ ሌላውም ማወቁ ነው» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እጃቸው ግን ከፖስታው አልተነሳም።

ሜራቭ የዚያኑ ቀን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ለምኩራቡም ደውላ ስሙን ከወረቀቱ አስወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ በሩን ቆልፋ ከወይዘሮ ጊታ ጋር ስትቀር፣ ሜራቭ ወደ ምኩራብ ሄደች። ረቢው እንደ ልማዳቸው የሕሙማኑን ስም ከወረቀት አንብበው ሲጨርሱ፣ ስሙ ያልተጠራ ሕመምተኛ ያለው ሰው ከየተቀመጠበት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲጠራ ዝም አሉ። ከዚያም ከዚህም ስም ተጠራ። ሜራቭ ወይዘሮ ጊታን ቢያንስ እኔ ልጥራቸው ብላ ተነሳች። በሩ አጠገብ አይታው የማታውቀው ሰው ቆሟል፤ የጸሎት መጽሐፍ አንሥቶ ገጹን ይፈልጋል። ምናልባት እንግዳ ነው። ምናልባት የአንዱ አማች ነው። አፏን ከፈተች፤ «ጊትል» ሳትል መልሳ ዘጋችው።

ረቢው ሴቶቹ ወደሚቀመጡበት በኩል አይተው፣ እስኪበቃ ድረስ ጠበቁና አሜን አሉ። ሜራቭ ተቀመጠች። ከማክሰኞው ቀዶ ሕክምና በፊት ሌላ ቅዳሜ አልነበረም።