ቀጭኑ አምፕሊፋየር

ባሌ ከእኔ ጋር ተከራክሮ አያውቅም። ይህን ስናገር የሰማ ሁሉ «ታድለሽ» ይለኛል። እኔም የታደልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ያቺ ሴት ከሱቁ ፊት ለፊት ወርክሾፕ እስክትከፍት ድረስ። ባሌ መከራከር እንደሚችል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እጁን እያወናጨፈ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ምሳው ከፊቱ ቀዝቅዞ ይከራከራል። ስለ ምን ቢሉ፣ ስለ አምፕሊፋየር።

ባሌ የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ገና በወጣትነቱ ራሱ የገጣጠመው አንድ አምፕሊፋየር አለ። ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አይነሳም፤ ሆዱ ውስጥ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ትራንስፎርመር አለው፤ ሲሠራ ከዋለ እንደ ካውያ ይግላል። ጎረቤቱ ሁሉ «ግንዱ» ይለዋል። እሷ የምትጠግነውና የምትሸጠው ደግሞ ስዊቺንግ የሚባለውን ነው። እንደ መጽሐፍ ቀጭን ነው፣ በአንድ እጅ ይንጠለጠላል፣ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ አይሞቅም። ባሌ አንድ ጊዜ እንዳስረዳኝ ግንዱ ኤሌክትሪኩን እንደ ቧንቧ ጠበብ ሰፋ እያደረገ ነው የሚለቀው፤ ቀጭኑ ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እያበራ እያጠፋ ይቆራርጠዋል። ለእኔ ያስረዳኝ ያቺን አንዴ ብቻ ነው። ከእሷ ጋር ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀምሩታል።

«ቆራርጠሽ የቀጠልሽው ነገር ስፌቱ ይታወቃል» ይላታል። «የከበሮውን የናስ ሳህን ስሚው! ቆርቆሮ ሆኖልሻል።»

«ጆሮ በማይደርስበት ፍጥነት እኮ ነው የሚቆረጠው፤ መውጫው ላይም ማጣሪያ አለው» ትለዋለች። «ደግሞ አንተ የምትሰማው በጆሮህ አይደለም፣ በወገብህ ነው። ስትሸከመው ካልከበደህ ጥሩ ድምፅ አለው አትልም።»

ባሌ ይስቃል። እንባው እስኪመጣ። ቤት ውስጥ እንደዚያ የሳቀበትን ቀን ባስብ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም።

«አንተ» የምትለውም ነገር አለ። በመጣች ሰሞን «ጋሼ፣ እርስዎ» ነበር። ቀጥሎ «ጋሼ፣ አንተ» ሆነ። አሁን ጋሼውም ቀርቷል። እኔን ግን እስከ ዛሬ «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ» ነው የምትለኝ። ከባሌ ጋር እኩያ ሆና ከእኔ ጋር ልጅ ሆነች። ይህቺን አካሄድ አውቃታለሁ።

መጀመሪያ የፈራሁት ክርክር ላይ ሳሉ ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ቢይዛቸው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ምሳውን በልጄ መላክ ትቼ ራሴ ማድረስ ጀመርኩ። ልጄ ትልቅ ሴት ናት፣ ታሾፍብኛለች።

«እማ፣ ስለ ሽቦ እኮ ነው የሚያወሩት!»

«አባትሽ ከእኔ ጋር ስለ ሽቦ እንኳ አውርቶ ያውቃል?» አልኳት። ምሳውን ቋጥራ አቀበለችኝ።

የፈራሁት ነገር አንድ ቀን ምሳ ይዤ እንደገባሁ በጆሮዬ ደረሰ። የባሌ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ሰርግና ስብሰባ የሚያሰናዱት ሰዎች ሁሉ ቀጭኑን ብቻ ነው የሚጠይቁት።

«ሱቅህን ዝጋና እኔ ጋ ግባ» አለችው። «አብረን እንሥራ። ቦታው ይበቃናል።»

ይበቃናል! እኔ ሳህን ይዤ በር ላይ ቆሜ።

ባሌ አንገቱን አከከ። «በመጋረጃ ተጋርጄ ቀጭኑን ከግንዱ መለየት ካቃተኝ እገባለሁ። ከለየሁ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ አታነሺብኝም።»

«በቃልህ?»

«በቃሌ።»

ባሌ ቃሉን አያጥፍም። የኔም ጭንቀት ይኸው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ገበያው ጭር ሲል፣ ቀጭኑን ይዛ ወደ ባሌ ሱቅ መጣች። መጋረጃ ስላልነበረ አንሶላ ከቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። የታጠበው ገና እርጥብ ስለነበር የአልጋችንን ገፍፌ ነው ያመጣሁት። እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ጫፉን በሚስማር ስትሰቅል እያየሁ አንጀቴ አረረ። ከዚያ በመለኪያ የሁለቱን ጩኸት እኩል አደረገች፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል አለች። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ከአንሶላው ጀርባ ሆኑ፤ አንዲት ማብሪያ ወደ ላይ ስትል ግንዱን፣ ወደ ታች ስትል ቀጭኑን ከስፒከሮቹ ጋር ታገናኛለች።

«እትዬ ይቀያይሩልን» አለች። «እሳቸው ስለዚህ ነገር ምንም ስለማያውቁ አያዳሉም።»

ምንም ስለማያውቁ። ዋጥኳት።

እኔ ከአንሶላው ወዲህ ገባሁ፤ እነሱ ከወዲያ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አብራኝ የመጣችው ልጄ አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ የምታንጎራጉረውን ቀስ ያለ ዘፈን ከፈተች። እኔ ደስ እንዳለኝ እቀይራለሁ፣ ባሌ ይገምታል፣ እኔ ልክ ነው ወይም አይደለም እላለሁ።

«ግንዱ» አለ።

«ልክ ነው።»

«አሁን ቀጭኑ።»

«ልክ ነው!»

እንዲያሸንፍልኝ እየተሳልኩ ነበር እንጂ አላጭበረበርኩም። ላጭበርብር ብልስ ምን አውቄ? ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ባሌ ግን አንዱን እንኳ አልሳተም። የኔ «ልክ ነው» እየቆየ እልልታ ሊሆን ምንም አልቀረው። እሷ ከወዲያ አግዳሚው ላይ ስትቁነጠነጥ ሰማኋት። ደስ አለኝ።

ድንገት የአንሶላው ጫፍ ተገለጠ። ማብሪያዋን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ እንደገና ለካች። መጨረሻ ላይ እኔን አየች።

«እትዬ፣ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ደጅ ይቆዩልኝ። ልጅቷ ትቀያይረው።»

«ምነው? አታላይ ሆኜ ተገኘሁ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም።»

«ትሰማለህ የምትለውን?» አልኩት ባሌን።

«ተያት፣ ውጪላት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ማንም ይቀይረው፣ አሳያታለሁ።»

ደጅ ሆኜ በመስኮቱ ሰማሁ። «ቀጭኑ» አለ ባሌ። «አይደለም» አለች ልጄ። «ግንዱ።» «አይደለም፣ አባዬ።» አንዱን አገኘ። ሁለቱን ሳተ። ደግሞ አገኘ፣ ደግሞ ሳተ። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ የሚገምት ሰው ይመስል ነበር። መግቢያው ላይ ያለውን ግንብ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አለቀ አልኩ በልቤ። ሱቃችንም፣ ቤታችንም።

ስገባ ባሌ ጆሮውን በጣቱ እያሸ ነበር።

«ምን ነበር ስትሰማ የነበረው?» አለችው ሴትየዋ።

«እንጃ። ቀጭኑ ሲመጣ ከዘፈኑ በፊት አንድ ነገር ነበረው። እንደ አየር ነገር፣ ሸሸሽ የሚል። ድምፁ ውስጥ ነው ብዬ…» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ነሽ።»

«ምን አደረግሁ?»

«ወደ ቀጭኑ ስትቀይሪው ትተነፍሻለሽ። በአፍንጫሽ። ስትናደጂ እንደምታደርጊው።»

ልጄ ሳቋን ልትይዘው ሞከረችና አመለጣት። «እማ፣ ነገሩ እኮ እውነት ነው! እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ስፒከሩ መስሎኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ደግሞ፣ ለማን ልናገረው፣ ሆዴ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ገባ። ይህ ሰው ከእኔ ጋር አይከራከርም እንጂ ትንፋሼን ከፒያኖ ለይቶ ይሰማል።

«ተሸንፌያለሁ» አለ ባሌ። «ከሰኞ ጀምሮ እገባለሁ።»

ትፈነድቃለች ብዬ ስጠብቅ ሽቦዋን መጠቅለል ያዘች፤ አጥብቃ፣ ሽቦው የበደላት ይመስል። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

«ስንት ዓመት ኖራችሁ አብራችሁ?» አለችኝ። እትዬም አላለችኝ።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሰሞኑን ሁሉ መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር የማየው እሱን ነበር። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ብትሆን ልቧ ያርፍላት ይሆናል። እኔ ግን ባሰብኝ። የምትቀና ሴት ምን ምን እንደምታስብ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ሰኞ ጠዋት ባሌ ዕቃውን ሲያሻግር እኔም ወንበር ተሸክሜ ተከተልኩት።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?»

«ሥራ ልገባ ነዋ። ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አንተን አምናለሁ። ዕቃውን ያዝ፣ መንገድ ላይ አትቁም፣ መኪና ይገጭሃል።»

ወንበሬን በሁለቱ የሥራ ጠረጴዛዎች መሃል አስቀመጥኩ። እሷ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«እዚያ ጋ እኮ ብርሃን የለም፣ እትዬ።»

«ለእኔ ይበቃኛል» አልኩና ተቀመጥኩ።

ባሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ማጣሪያው አንድ ነገር ጠየቃት። ስትመልስለት እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። እኔ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። ባሌ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቆመ፤ ወደ እኔ ዞረና «እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ቆርቆሮ ነው» አልኩ።

«የቱ ጋ ነው ቆርቆሮ የሆነው? አስረጂኝ እስቲ!» አለ፣ ፊቱ መቅላት እየጀመረ።