ከካርታው ውጭ የተያዘችው የእሳት እራት

ሴትዮዋን በሙዚየሙ «መርፌ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ነፍሳት እየወጋች ስላደረቀች ብቻ አይደለም፤ የሚዋጋው ምላሷም አለበት። ከእያንዳንዱ መርፌ ሥር ጥፍር የምታህል ወረቀት ትሰካለች፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስም። የደረቀ ነፍሳት ወረቀት ከሌለው ያው ቆሻሻ ነው።

ያን ሰኞ የወጋቻት የእሳት እራት የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። ወረቀቷ «ደጋ፣ ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ» ይላል። የክፍሉ ኃላፊ አየና ሳቀ። ይህች የእሳት እራት የምትገኝበትን ካርታ የሠራው እሱ ነው፤ የተለጠፉት ቀያይ ነጥቦች በሙሉ ቆላ ላይ ናቸው።

«ወረቀት ተደባልቆብሻል።»

«እኔ ነኝ የያዝኳት፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ከሙዝ ጋር በመኪና የመጣች እንግዳ ናት።» ወረቀቷን ከመርፌው ስቦ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። «‹ቆላ› ብለሽ ጻፊ፤ አለዚያ እሷንም ጣያት።»

 እሷ ወረቀት ታደባልቅ?

ቤት ስትገባ እህቷ አላስቀመጠቻትም። «ለአንዲት ብል ብለሽ ከአለቃ ትጣይ? እሺ ይበልጣል ከሺ!»

«እሺማ ሃያ ሁለት ዓመት ብያለሁ» አለችና መሰላል ይዛ ወጣች። የዚች የእሳት እራት ልጆች የሎሚ ቅጠል ስለሚበሉ፣ ከኩሽናው ግድግዳ አጠገብ ያለውን ሎሚ ቅጠል በቅጠል ፈተሸችው። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ የተጠቀለሉ ቅጠሎች አገኘች፤ በየውስጣቸው አረንጓዴ አባጨጓሬ።

ቅርንጫፉን ቆርጣ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተች፤ በአሮጌ መጋረጃ ሸፍና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ካርታው አጠገብ አቆመችው። «አንሺልኝ» ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መጋረጃው ላይ ያችኑ የመሰሉ ሰባት የእሳት እራቶች ተለጥፈው ነበር።

«እንግዳ ናት ብለውኝ ነበር፤ እንግዳ ከነልጆቿ ሎሚ ላይ ትከርማለች?»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እሺ፣ ቦታው ይሁን። የያዘው ግን ‹የሙዚየሙ የጥናት ቡድን› ይባል።»

«ቡድኑ መቼ ነው ኩሽናዬ የመጣው?»

ኃላፊው ከመሳቢያው አንድ የሚለጠፍ ቀይ ነጥብ አወጣ። እሷ ከእጁ ተቀብላ ካርታው ላይ፣ ባዶው ደጋ መሐል ለጠፈችው። ከዚያ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ አዲስ ወረቀት ቆረጠች። ቦታውን ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ስትጽፍ ወረቀቷ ጠበበቻት። ፊደሉን አሳነሰችው እንጂ አንዱንም አልተወችም።