የሙሽራው እጅጌ

ሐኪሟ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ደግማ ስታነብላት ሚሊሜትር የሐኪሟን ትከሻ በዓይኗ እየለካች ነበር። የቀኙ ከግራው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ነጩን ጋዋን የሰፋው ሰው ይህን አላየም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ አልፏል። ሚሊሜትር እንዲህ ዓይነት ሰፊ አትወድም።

"ሰምተውኛል?" አለቻት ሐኪሟ።

"ሰምቻለሁ። 'ሰው ሳይጠይቅዎት ወሬ ይነግራሉ ወይ?' ነው ያሉኝ።"

"አዎ።"

"ካልጠየቀኝ ለምን እነግረዋለሁ?"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች። ሚሊሜትር በዕድሜዋ ብዙ ተስቆባታልና የሳቅ ዓይነት መለየት ታውቅበታለች፤ ይኼኛው የሚያቆስል አልነበረም።

እውነተኛ ስሟ ያለው የንግድ ፈቃዷ ላይ ብቻ ነው። የአርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኛው ሁሉ፣ እህቷም ሳትቀር፣ ሚሊሜትር ይሏታል። ወደዚህ ክሊኒክ የመጣችው ልታብድ የደረሰች መስሏት ፈርታ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ ከጀርባዋ የመቀስ ድምፅ ትሰማለች። ሦስት ጊዜ ይቆርጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይቆርጣል። እንዲያ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አባቷ ነው፤ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ አዳምጣ "እብደት አይደለም፤ ሐዘን ነው፤ ሐዘን ጆሮ ውስጥም ይቀመጣል" ብላት ነበር። ከዚያ "ሌላ ነገር ግን ልጠይቅዎት" አለችና ባለ አምሳ ጥያቄ ቅጽ ሰጠቻት። ሚሊሜትር በሳምንቱ ቅጹን አርማ መለሰችው። ዘጠነኛውና ሃያ ስድስተኛው ጥያቄ አንድ ናቸው፤ "አንዳንዴ" እና "አልፎ አልፎ" በምን እንደሚለያዩ አልተገለጸም፤ ሠንጠረዡም በግራ በኩል ሦስት ሚሊሜትር ተንጋዷል።

"እውነቱን ልንገርዎት" አለች ሐኪሟ ዛሬ፣ በአራተኛው ቀጠሮ፣ "ያን ቅጽ አርመው ሲመልሱልኝ ግማሹን ሥራ ጨርሰውልኝ ነበር። ኦቲዝም ነው።"

"እሱ የልጆች አይደለም እንዴ?"

"ልጆቹም እኮ ያድጋሉ።"

"አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የት ተደብቆ ነበር?"

"አልተደበቀም። የጠፋው የሚያየው ሰው ነው።"

ሐኪሟ ያዘጋጀችውን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠቻትና ሚሊሜትር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ሰውን ዓይን ዓይኑን ማየት ይከብዳታል። ትክክል፤ ዓይን ምን ልክ አለው፣ የሚለካው ትከሻ ነው። ከለመደችው ሥርዓት ውጭ ስትሆን ትረበሻለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዓይነት ቁርስ መብላቷን ተናገረች እንጂ ምን አለች! የሰውን አነጋገር ቃል በቃል ትወስዳለች። እዚህ ላይ ቆመች። አንዲት ደንበኛ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም "ገደልሽኝ እኮ!" ብትላት፣ የረሳችው መርፌ የወጋት መስሏት የቀሚሱን ስፌት አንድ በአንድ የፈተሸችበት ቀን ትዝ አላት። ይህን ስትናገር ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሚሊሜትርም ሳቀች። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ይኼን ሁሉ ማን ነገረዎት? እህቴ ናት?"

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ ወሬ አልወድም።"

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ደግማ ስታነበው የራሷ መልክ እየደበዘዘ የሌላ ሰው መልክ ወጣባት። ዓይን ለዓይን የማያየው አባቷ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መርፌ ወደቀብኝ ብሎ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የሚገባው፣ እንግዳው እስኪሄድ ድረስ መርፌው የማይገኝለት፣ እሱ ነበር። ጎረቤት "ኩሩ" ያለው፣ ዘመድ "ድንጋይ" ያለው፣ እናቷ ስሙን መጥራት የተወችው ሰው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል። ፈራች።

"ዶክተር፣ ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ይጻፋል?"

"አይጻፍም" አለች ሐኪሟ። "እኔ መመርመር የምችለው ያየሁትን ሰው ነው።"

አባቷን ከእናቷ የለየው ነገር የሆነው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በታላቅ እህቷ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራው ኮቱን ያሰፋው ሌላ ሰፊ ዘንድ ነበር። አባትዬው ተነስቶ ለሙሽሮቹ ሁለት ቃል እንዲናገር ሲጠበቅ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሙሽራው ፊት ተንበረከከ። እንግዳው ሁሉ "አቤት ትሕትና!" አለ። እሱ ግን የግራ እጅጌውን ይዞ "በአንድ ጣት ያጥራል" አለና ምላጭ ከኪሱ አውጥቶ ስፌቱን እዚያው መተርተር ጀመረ። ጉድ ፈላ። የሙሽራው ወገኖች ተንጫጩ፤ እናቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጫጫታው ሲበዛበት ኮቱን ከሙሽራው ላይ ገፎ ይዞ ጠፋ። ሙሽራው በሸሚዝ ተዳረ፤ የሠርጉ ፎቶ ላይም በሸሚዝ ነው ያለው። ወደ አመሻሹ ላይ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ አባትዬው ኮቱን ተኩሶ በመስቀያ አንጠልጥሎ መጣ። እጅጌው ልክክ ብሏል። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ለልጁ ባል ከዚህ የበለጠ ምን ይስጠው?

ሙሽራው ራሱ ነገሩን በሳምንቱ ረስቶታል፤ ኮቱንም እስኪያልቅ ለብሶታል። ያልረሳችው እናቷ ናት። ያን ዕለት "ውጣልኝ! እዚያው ሱቅህ እደር!" አለችው። በንዴት የወጣ ቃል ነው፤ ሌላ ባል ቢሆን ሁለት ቀን አኩርፎ ይመለሳል። እሱ ግን እደር ተብሏልና አደረ። ተመለስ ያለው ሰው የለም፤ ስለዚህ አልተመለሰም። አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛው አጠገብ ተኝቶ እዚያው ሞተ። እናቷ ይኼን ሁሉ ዘመን "ከኔ ኩራቱን መረጠ" ስትል ኖረች።

ሚሊሜትር በሁለቱ መሐል ነበረች። ቀን ከአባቷ ጋር ትሰፋለች፣ ማታ እናቷ ዘንድ ታድራለች። ጠዋት ሱቅ ስትገባ አባቷ ከጨርቁ ቀና ሳይል "እናትሽ ምን አለች?" ይላታል። "ምንም" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ እናቷ ምንም አላለችም። ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ ስለ አባቷ አንድ ነገር አትጠይቃትም። ስላልጠየቀቻትም ሚሊሜትር አትነግራትም።

ይህ የገባት ከክሊኒኩ ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ነው፤ ክው ብላ ቀረች። ካልጠየቀኝ ለምን እነግረዋለሁ ብላ ሐኪሟን ስታስቅበት የነበረው የገዛ አባቷ አሥራ አንድ ዓመት ነው። የሰው ናፍቆት ተሸክማ ስትመላለስ ኖራ አንድ ቀን እንኳ አላደረሰችም። ሁለቱም እሷን ሲጠብቁ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጥያቄ ስትጠብቅ።

እናቷ አሁን የምትኖረው እህቷ ቤት ነው። ሚሊሜትር ወደዚያ በእግሯ ሄደች። የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ መስመሩን ሳትረግጥ መሄድ ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነው። ዛሬ ግን ከጎኗ ሌላ እግር መስመሩን እየዘለለ አብሯት የሚሄድ መሰላት። ዞር ብላ ማየት አልደፈረችም። "መጣሁ፣ መጣሁ" አለች ቀስ ብላ። አንዲት መንገደኛ ዘወር ብላ አየቻትና አለፈች።

"እህስ? አበድሽ?" አለቻት እህቷ በሩን እየከፈተች።

"አላበድኩም። ኦቲዝም ነው።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

ወረቀቱን ሰጠቻት። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታነብ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ለዚህ ነው አራቴ ሐኪም ቤት የተመላለስሽው? ወይ ሚሊ! እኔን ብትጠይቂኝ በአንድ ቀን እጨርስልሽ ነበር።" ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። እየሳቀች ጀመረችው፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ አልሳቀችም። "ይኼ... አባዬ ነው።"

"አዎ። ጠዋት ጠዋት ስለ እማዬ ይጠይቀኝ ነበር።"

"ማን?"

"አባዬ። 'እናትሽ ምን አለች?' ይለኝ ነበር። እስኪሞት።"

"ለምን አልነገርሽንም ታዲያ!"

"አልጠየቃችሁኝም።"

እህቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ክንዷን ጨምድዳ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻትና በሩን ዘጋች። "ስሚኝ። ለእማዬ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ልቧ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሃያ ሦስት ዓመት በደለኝ ብላ ኖራለች፤ አሁን በሰባ ስድስት ዓመቷ የበደልኩት እኔ ነኝ ብላ ትሙት?"

"እሱስ?"

"እሱማ ሞቷል። የሞተ ሰው ምን ይሆናል?"

"ይጠይቃል" አለች ሚሊሜትር። "እኔ እሰማዋለሁ።"

እህቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እህቴ፣ ዋሺ አላልኩሽም። መዋሸት እንደማትችይ አውቃለሁ። ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዝም ማለትማ ትችያለሽ፤ እስካሁን ችለሽ የለ?"

በክፋት አልተናገረችውም። ሚሊሜትር ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ ወደ እናቷ ክፍል ገባች።

እናቷ መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍና ተቀምጣለች። "ምን አሉሽ ሐኪሞቹ?" አለች ልጇ ገና ሳትቀመጥ።

ይህ ጥያቄ ነው፤ ሚሊሜትር መለሰች። ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበችላት። ስለ ቁርሱ ሲነሳ እናቷ ፈገግ አለች። ቃል በቃል መውሰድ የሚለው ጋ ሲደረስ ጮክ ብላ ሳቀች። "ኧረ ይኼማ አባትሽ ነው! አንድ ቀን ሕፃን ሆነሽ ታቅፎሽ 'እስክመጣ ከዚህ እንዳትነቃነቅ' ብዬው ገበያ ብሄድ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በቆመበት እግሩ ነው ያገኘሁት። አንቺም በሽንት አጥበሽዋል! ምን ትሠራለህ ብለው 'አትነቃነቅ ብለሽኛል'..."

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እህቷ በሩ ላይ ቆማ ሚሊሜትርን ታያታለች።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና" አለች እናት ወደ መስኮቱ ዞራ፣ "ይመለሳል ብዬ ነበር። ቢቆይ ሳምንት ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ትራሱን እንኳ ካልጋው ላይ አላነሳሁትም።" ብርድ ልብሱን በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለች። ወደ ልጇ ዞራ አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትል ነበር። መልሳ ዘጋችው። "በይ ሂጂ፤ ሥራሽን አታስፈቺ" አለቻት።

እህቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ሚሊሜትር ወረቀቱን አጥፋ ተነሳችና በሩ ጋ ደረሰች። እናቷ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ሕግ ግልጽ ነው፤ ያልተጠየቀ አይነገርም። አባቷን እውነት እየተናገረች ነው የጎዳችው፤ እናቷንም በእውነት ልትጎዳት ትችላለች። የእናቷ ልብ በዚህ ቃል ቢቆም ዕዳው የማን ነው? እህቷ ብልህ ናት፤ የሰው ፊት ታነባለች፤ ልክ ልትሆን ትችላለች። አንድ ነገር ግን አየች፤ የእናቷን ዓይን ሳይሆን፣ እንደ ልማዷ፣ ትከሻዋን። ሁለቱም ትከሻ ወደ ፊት ታጥፎ ነበር፤ በር እስኪንኳኳ የሚጠብቅ ሰው ትከሻ ነው።

ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ልነግርሽ ነው።"

"ሚሊ!" አለች እህቷ።

"አባዬ ጠዋት ጠዋት 'እናትሽ ምን አለች?' ይለኝ ነበር። አንቺ ምንም ስለማትይ 'ምንም' እለው ነበር። አንቺ ስለማትጠይቂኝ ደግሞ ላንቺ ሳልነግርሽ ቀረሁ። መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

የእናቷ መዳፍ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቆመ። እህቷ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባችና ቀረች።

"በየቀኑ?" አለች እናት። ድምፅዋ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም።

"እሑድ ሲቀር" አለች ሚሊሜትር፤ ስህተት እንዳይኖርበት ጥቂት አሰበች። "እሑድ ሱቅ አልሄድም ነበር። ሰኞ ሰኞ ግን ሁለቴ ይጠይቀኝ ነበር።"