ለሹክሹክታ የሚሆን ማዳመጫ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሚዛን እናት ጆሮ ግን ባዳነቱን አብዝቶት ነበር። የመኪና ጥሩምባ ትሰማለች፤ በር ሲላተም ትሰማለች፤ የልጇን ጎርናና ድምፅም ጠጋ ብሎ ካወራት ትሰማለች። ወፍራሙን እርጅና ትቶላታል። የወሰደባት ቀጭን ቀጭኑን ነው፤ የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ ከሰው ንግግር ውስጥም የቃሉን ጫፍ ጫፍ። የምራቷ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ «ይቺ ልጅ በሆዷ ነው የምታወራኝ» እያለች ስንት ዓመት ስታማት ኖራለች።

የሚዛን አጎት፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም፣ ደግሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ጉሮሮው ላይ የበቀለው ነገር ድምፁን ይዞት ሄዶ ትንፋሹን ብቻ ተወለት። የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታ ማለት ወፍራም የሚባል ነገር የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ድምፅ ነው። እንግዲህ ተመልከቱት፤ በሽታ ለእሱ ያስቀረለት፣ እርጅና ከእሷ የወሰደውን ያንኑ ነው። አንድ አልጋ ዳር ቢቀመጡ እንኳ የሚገናኙበት አንዲት ቃል የላቸውም።

ሚዛን ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ «ሚዛኑን ጠብቁ፣ ሚዛኑን ጠብቁ» እያለ ሲያሰለቻቸው። በእጁ የሠራው አምፕሊፋየር አለው፤ የምሳ ዕቃ የሚያህል ሳጥን፣ በአንድ በኩል ማይክ የሚገባበት፣ በሌላው በኩል ማዳመጫ የሚሰካበት፣ በባትሪ የሚሠራ። ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ማጉያና መቀነሻ። ቀጭኑን ማብዣ፣ ወፍራሙን ማብዣ የሚባል ቁልፍ አላስገባበትም። ለምን ሲሉት «ይሄ ሳጥን የሰጡትን ነው የሚሰጠው፤ ጨው የፈለገ እቤቱ ሄዶ ይጨምር» ይላቸዋል። ውድ ማዳመጫ ሰካህበት፣ ርካሽ ሰካህበት፣ ሳጥኑ ከራሱ የሚያዋጣው የለም፤ ጥፋቱም ልማቱም የማዳመጫው ነው። በዚህ ይኮራ ነበር። ያን ቀን ግን ኩራቱ ዕዳ ሆነበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቱ፣ የእናቱና የአጎቱ እናት፣ የሞቱ ጊዜ አጎቱ እህቱን ሳይጠራ ቀበራቸው። እሷ ሩቅ አገር ነበረች፤ የሰማችው አፈሩ ከደረቀ በኋላ፣ እንጀራ ፍለጋ ከሚዞር አንድ ሹፌር አፍ ነው። «ሰው ልኬባት ነበር» ይላል እሱ። «ማንም አልመጣብኝም» ትላለች እሷ። አንዱ ዋሽቷል ወይም መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ማን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በሰው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ እሷ ያለችው እሱ ጋ ሲደርስ ስድብ ይሆናል፣ እሱ ያለው እሷ ጋ ሲደርስ ንቀት ይሆናል። በዚያው አረጁ።

በዋዜማው አጎቱ ሚዛንን በጣቱ ጠርቶ «እናትህን አምጣልኝ፤ የምነግራት አለኝ» አለው በትንፋሹ።

«ጋሼ፣ እሷኮ አትሰማዎትም። ለእኔ ይንገሩኝ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር አደርስልዎታለሁ።»

አጎቱ ራሱን ነቀነቀ። «ዘመናችንን በሰው አፍ አወራን። በቃኝ።»

ጠዋት ሐኪሙ ሚዛንን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ሳንባው እየደከመ ስለሆነ የሚመጣ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ይምጣ አለው። የእናቱ የጆሮ መሣሪያ ታዟል፣ «ሲመጣ እንደውላለን» ከተባለ ሰንብቷል፣ የደወለ የለም። ስለዚህ ሚዛን ሳጥኑንና ያሉትን ማዳመጫዎች በሙሉ ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ እናቱን ደግፎ ደረጃውን ወጣ። እሷ ጥሩ ሹራቧን ለብሳ ነበር። ወንድሟን ስታየው አልሳመችውም፣ አላለቀሰችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «ይኸው መጥቻለሁ፤ ይናገራ» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለልጇ።

መጀመሪያ የሰካው ትልቁን ነው፤ ስቱዲዮ የሚሠራበትን፣ ደሞዙን ያፈሰሰበትን። ይህ ማዳመጫ ወፍራሙን አሳምሮ ያወጣል። ማይኩን አጎቱ ከንፈር አጠገብ ያዘ። አጎቱ ደረቱን ነፍቶ አንድ ነገር አለ፤ ሚዛን በባዶ ጆሮው ሰማው።

«ፌንጣ» ነበር ያለው። በልጅነቷ የሚጠራት እንደዚያ ነው፤ አንድ ቦታ አትረጋም ነበርና።

እናቱ ግንባሯን ቋጠረች። «ጎርፍ ነው የምሰማው» አለች። የጣሪያው ማራገቢያ፣ የአልጋው ብረት፣ የሚዛን ጣት ማይኩ ላይ ሲንሸራተት፣ ይህ ሁሉ እየጎላ ገባላት። የወንድሟ ቃል አልገባም።

ሁለተኛው ጀርባው ክፍት የሆነው ነው፤ ቀጭኑን ከትልቁ በተሻለ ያወጣል። ሚዛን ቁልፉን ከፍ አደረገው። በክፍቱ ጀርባ የሚያፈተልከው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ገባና ሳጥኑ እሪ አለ፤ ጥርስ የሚያፋጭ ፉጨት። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጆሯቸውን በትራስ ሸፈኑ፤ ሲስተሯ በሩጫ ገባች። ክፍሉ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲንጫጫ፣ ፉጨቱ የገዛ ጭንቅላቷ ላይ የነበረው እናቱ ብቻ ረጋ ብላ «ጀመረ እንዴ?» አለች።

ሚዛን ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ልቅሶ ሊሆንበት ሲል ተወው። ያን ያህል እንደማትሰማ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር። አብሯት እየኖረ።

«አታድክሙት» አለች ሲስተሯ የአጎቱን ደረት እያየች። «ትንፋሹን ቆጥቡለት። የቀረው ብዙ አይደለም።»

ሦስተኛው፣ ጆሮ ውስጥ የሚወተፈው ትንሹ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ አጎቱ አንድ ቃል ማውጣት ነበረበት፤ ለእያንዳንዱ ቃል ፊቱ ይጠቁራል። «ፌንጣ» አለ እንደገና። እናቱ ዓይኗን ጨፈነች። «እንደ ነፋስ ያለ ነገር...» አለች። ሚዛን ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። ትንሿ ማዳመጫ አቅሟ አልቻለምና ተንጣጣች፤ እናቱ ደንግጣ ሁለቱንም ነቅላ ጣለቻቸው።

«ተው ልጄ» አለችው። «ዕድሌ ነው። አፍ ሳለው አልነገረኝ፣ ጆሮ ሳለኝ አልሰማሁት። አሁን ምን ያደርግልናል?»

ሚዛን ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። አንዲት ቁልፍ፣ ቀጭኑን የምታበዛ አንዲት ቁልፍ አስገብቶበት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ነገሩ አልቆ ነበር። የሽቦ መበየጃ ቢኖረው እዚያው ይቀጥልበት ነበር። ጣቢያ ሄዶ ሌላ መሣሪያ ቢያመጣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሲመለስ የሚያገኘው አልጋውን ብቻ እንዳይሆን ፈራ። አጎቱ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። እንደዚያ ያለ ዓይን ሰው ላይ ሲተከል ያስጨንቃል።

የሚዛን ሚስት የገባችው ያኔ ነው፤ ከሥራ አስፈቅዳ። ልብስ ሰፊ ናት፣ በስፌት መኪኖች መሀል ነው የምትውለው፤ አንገቷ ላይ መንገድ ዳር የገዛችው ሮዝ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። ሚዛን «ቆርቆሮው» ይለዋል። ወፍራም የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ሁሉን አቅጥኖ የሚጮህ ዕቃ ነው። «ባለሙያ ባል ይዘሽ ይሄን ጆሮሽ ላይ ታደርጊያለሽ?» ሲላት፣ «ያንተ ማዳመጫ መኪናው ሲነሳ ይሰምጣል፤ የኔ መኪናውን ሰንጥቆ ይመጣል» ትለው ነበር። ስንቴ ተጨቃጭቀውበታል።

የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷም ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችለት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሚዛን ቆርቆሮውን ተቀብሎ ሳጥኑ ላይ ሰካው፤ እናቱ ጆሮ ላይ ደፋው፣ ጥብቅ አድርጎ፤ ጀርባው ድፍን ነው፣ አያፈተልክም። ቁልፉን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገ። ሳጥኑ እንደ ልማዱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ የአጎቱን ትንፋሽ እንዳለ አሳለፈው። የጨመረው ቆርቆሮው ነው።

«ፌንጣ» አለ አጎቱ።

እናቱ ቀና አለች። አፏ ተከፈተ። «ፌንጣ አለኝ» አለች። «ልጄ፣ ፌንጣ አለኝ።» በሹክሹክታ የተናገረች መስሏት ነው፤ ክፍሉን በሙሉ አናወጠችው። ሽማግሌው ትራሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ።

አጎቱ ጊዜ አላባከነም። «ሰው አልላክሁብሽም» አለ።

«ሰው አልላክሁብሽም?» አለች እናቱ እየጮኸች፤ የሰማችው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ እየደገመች። «እና ስትምል የኖርከው?»

«ውሸት ነው። አውቄ ነው ያልላክሁት።»

«አውቄ ነው!» አለች ወደ ልጇ ዞራ። «ሰማኸው? አውቄ ነው ይለኛል!» ከወንበሩ ልትነሳ አለች። ምራቷ ትከሻዋን ያዘቻት።

አጎቱ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሽ ሰበሰበ፣ አጣ፣ እንደገና ሰበሰበ። ሚዛን ማይኩን የያዘበት ክንዱ ዝሎ ነበር፤ ፈቀቅ አላደረገውም።

«ያስታመምኳት እኔ» አለ አጎቱ። «ያጎረስኳት እኔ። ያገላበጥኳት እኔ። እሷ ግን...» አቆመ። «እስከ መጨረሻዋ አንቺን ነው የጠራችው። እኔ አንቺን መስያት እጄን ይዛ ሞተች። ቀናሁብሽ።»

ይህን እናቱ ጮክ ብላ አልደገመችውም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እንባዋ ሮዙ ማዳመጫ ጠርዝ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ያን ሁሉ ዓመት ያቃጠላት መልእክተኛው መቅረቱ አልነበረም፤ እናቴ ረስታኝ ሞተች የሚለው ነበር። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

«ድገመው» አለች።

አጎቱ ከንፈሩን አላወሰ። የወጣው አየር ብቻ ነው።

«እኔን ጠራች ያልከውን ድገምልኝ። ወንድሜ፣ እሱን ብቻ።»

ሚዛን ቁልፉን እስከ ጫፍ አዞረው። ዓይኑ የተከደነው አጎቱ መተንፈሱን አላቆመም፤ እየራቀ፣ እየተቆራረጠ። ከትንፋሹ ጋር ግን ቃል አልነበረም።

እናቱ ልጇን አየችው። «ይቅር በይኝ ብሏል እንዴ? አምልጦኝ ነው?»

«ብሏል» የሚለው ቃል ሚዛን ምላሱ ላይ ደረሰ። ምን ይጎዳል? ማንን ይጎዳል? አንዲት ቃል ናት፤ ሰውዬውም ዕድሜ ቢሰጠው ይላት ነበር። ሚስቱም «በል» የምትለው በሚመስል ዓይን አየችው። ግን እነዚህን ሁለት ሰዎች ለዚህ ያበቃቸው ምን ሆነና? መልካም አስቦ ከራሱ የሚጨምር ሰው አይደል?

«አላለም፣ እማዬ» አላት ጠጋ ብሎ።

«እንዴታ» አለች። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ገና አልጨረሰማ።»

ሲስተሯ መጥታ የአጎቱን እጅ አንጓ ያዘች፤ ሚዛንን አየችና ከእንግዲህ አይናገርም በሚል ዓይነት ራሷን ነቀነቀች። ምራቷ ማዳመጫውን ቀስ ብላ ልታወልቅላት እጇን ስትዘረጋ እናቱ መታ አደረገቻት።

«ተይ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ሲናገር ያልፈኛል።»

ሳጥኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። እናቱ አየቻት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ባትሪው ነው። እያለቀ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ሌላ አምጣ። ቶሎ በል ልጄ፣ ወንድሜ ሊናገር ነው።»

ሚዛን ማይኩን ለሚስቱ አቀበላትና ባትሪ ሊገዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።