የሚይዝ ሰው

የጋሽ በቀለ ትከሻ የወለቀው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው፤ ድሬ ከሙቀቱ ሸሽታ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ የጫት በርጫዋን በያዘችበት ሰዓት። አይ ዕድል! የውሃ ጀሪካን ሲያነሳ ያ ስንት ዓመት ሲቆረጥመው የኖረ ጉልበቱ ከዳው። በእጁ ተደግፎ ወደቀና ትከሻው ከቦታው ወጣ።

ክንዱን ታቅፎ እያቃሰተ እዚያው ሳቢያን ሰፈር ወጌሻዋ ዛምዛም ቤት ሄደ። ዳሰስ አደረገችውና ከንፈሯን መጠጠች።

«ወልቋል። ሳያብጥ መመለስ አለበት፤ ካበጠ እኔም አልችለው። ስጎትት ከኋላህ አቅፎ የሚይዝህ ሰው ጥራ።»

«ማንን?»

«አቦ፣ ሰው ነዋ! ሰው የለህም?»

ሚስቱ ማዘንጊያ የሞተች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናናው መጥቶ ነበር። እሱ ግን «ተዉኝ!» ብሎ በሩን ዘጋ። ተዉት። ምን ያድርጉት፣ ራሱ አይደል ያዘዘው! ከዚያ ወዲህ ብቸኝነቱ ሲያንገበግበው እንኳ አንድ ሰው ደጅ አልሄደም፤ ያፍራል።

አሁን ግን ክንዱ መቅረቱ ነው። ወጣና የጎረቤቱን የዐብዲቃድርን በር አንኳኳ። በዚህ ሰዓት የድሬን ሰው ከፍራሹ ማስነሳት ደግሞ ነውር ነው። ዐብዲቃድር ጉንጩን ወጥሮ፣ ሽርጡን እያጠበቀ ከፈተ።

«ምን ሆንክ?»

«ትከሻዬ ወልቆ... የሚይዘኝ ሰው አጣሁ።» ይህን ሲል ከትከሻው ይበልጥ ፊቱ ነደደ።

«አንተ ግትር ሽማግሌ! በሬን ለማንኳኳት አጥንትህ መውለቅ ነበረበት?» አለ ዐብዲቃድር፤ ጫቱን ትቶ፣ እየተነጫነጨ ተከተለው።

ዛምዛም ቤት ዐብዲቃድር ከኋላው ተቀምጦ በሁለት እጁ ደረቱን አቀፈው። ዛምዛም ክንዱን ቀስ እያለች ሳበች። ጋሽ በቀለ ጮኸ። ቋ! አለ።

«ገባ! አልሐምዱሊላህ! በቃ ልቀቀው።»

ሕመሙ ወዲያው ቀለለው፤ እንባው ግን ገና አሁን መጣ። ማዘንጊያ ከሄደች ወዲህ ሰው አቅፎት አያውቅም። ዐብዲቃድር እጁን ሊያላላ ሲል በደህናው እጁ ለቀም አደረገው።

«ገና ነው» አለ ጋሽ በቀለ። «ትንሽ ያዘኝ።»

ዛምዛም ትከሻውን አየችው፤ በቦታው ቁጭ ብሏል።

«እሺ፣ ያዘው እንግዲህ» አለችና ክንዱን የምታንጠለጥልበት ሻሽ ፍለጋ ጓዳ ገባች።